ለሚወጣው ቡና ሚዛን፣ ለሚገባው ምግብ እምነት

ፍስሐ ገነት ከይርጋጨፌ በስተደቡብ፣ በኮቾሬ አካባቢ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ማክዶናልድ የላትም፤ ኬኤፍሲም የላትም። ፒዛ ሀት እንኳ አዲስ አበባ የገባው ገና በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፍ የምግብ ኩባንያዎች በአካባቢ ምግብ ጥራት ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ጌዴኦ ላይ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው አገሩን የሳተ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የኮቾሬ ገበሬ በኅዳር የለቀመው እሸት ቡና የሚያልቀው ሲያትል፣ ሐምቡርግ ወይም ቶኪዮ ነው። ቡናውን ሸጦ ባገኘው ብር ከሱቅ የሚገዛው ዘይት ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። ልጁ የሚጠጣው ለስላሳ የንግድ ስሙ አሜሪካ ባሉ ሁለት ኩባንያዎች እጅ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ንግድ እዚህ የሚያብረቀርቅ ምግብ ቤት አልከፈተም፤ በጓሮና በሱቅ በኩል ግን ከገባ ቆይቷል።

በዚህ ዳሰሳ ሁለቱንም አቅጣጫ፣ የሚወጣውንና የሚገባውን፣ ጎን ለጎን አያለሁ። ከዚህ አያያዝ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ለውጭ ገዢ የምናቀርበውን ቡና ፍሬ በፍሬ እየመረመርን፣ የራሳችን ልጆች የሚበሉትንና የሚጠጡትን በእምነት እንቀበላለን። የምግባችንን ጥራት የሚጎዳው የኩባንያዎቹ መምጣት ብቻ አይደለም። የበለጠ የሚጎዳው ምርመራውን ለማን እንደምናደርግ የወሰንንበት መንገድ ነው።

ጥራት ሲባል

«ጥራት» ለሁሉም አንድ አይደለም። ለቡና ላኪ እንከን የሌለበት ፍሬና የጠራ ጣዕም ነው። ለጤና ባለሙያ ምግቡ ከመርዝና ከጀርም ነጻ መሆኑና የሚገነባ ንጥረ ነገር መያዙ ነው። ለእናት ልጇ በልቶ የሚጠግብበትና የሚያድግበት ነው። ለአካባቢው ባህል ደግሞ ምግቡ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳዘጋጀው መታወቁ ራሱ የጥራቱ አካል ነው። ኩባንያዎች ምግብ አሻሻሉ ወይም አበላሹ የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው፣ ተከራካሪዎቹ ከእነዚህ ትርጉሞች አንዱን ብቻ ይዘው ስለሚነሡ ነው። የታሸገ ብስኩት ከጀርም አንጻር ንጹሕ ሆኖ፣ ከንጥረ ነገር አንጻር ባዶ ሊሆን ይችላል። ገበያ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጥ ቅቤም ምንጩ የታወቀ መስሎ በውስጡ ባዕድ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

የጌዴኦ ማዕድ ከምን ይነሣል?

የጌዴኦ ምግብ መሠረቱ እንሰት ነው። በላይ ትልልቅ የጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከዚያም በታች ጎመኑና ሥራሥሩ ይበቅላል። ይህ ተደራራቢ እርሻ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የአካባቢው ተመራማሪ ታደሰ ኪጴ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ የጌዴኦ የመሬት አያያዝ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሕዝብ ሲመግብ እንደኖረ ተከራክረው ነበር።

ቆጮ የሚዘጋጀው በረጅም ሥራ ነው። ሴቶች የደረሰውን እንሰት ነቅለው ግንዱን ይፍቁታል፤ ሥሩን ይፈጩታል። ከዚያ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው፣ ድንጋይ ጭነውበት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያብላሉታል። ከፋቂው ተጨምቆ የረጋው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል። ምርቱ በድርቅ በቀላሉ አይመታም፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ይቆያል። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ መሆኑም ስለዚህ ነው።

ይሁንና እውነቱ ሙሉ ይነገር። ቆጮ ኃይል ሰጪ እንጂ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ አይደለም። ማዕዱ ሙሉ የሚሆነው ጎመኑ፣ አይቡ፣ ወተቱና ባቄላው ከጎኑ ሲቀርብ ነው። ጌዴኦ ደግሞ በገጠር የሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። ማሳው ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ሲያንስ ላም የሚሰማራበት ቦታ ይጠፋል። ላሟ ስትጠፋ ቅቤውና አይቡ ብቻ ሳይሆኑ እንሰቱን የሚያፋፋው ፍግም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ላይ ደግሞ እንሰት አጠውልግ በሽታ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን እስከ ዛሬ የሚፈውሰው መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ቢመጣም ባይመጣም የአካባቢው ማዕድ እየጠበበ ነበር። ኩባንያዎቹ የገቡት መጉደል በጀመረው ቦታ ላይ ነው።

የሚወጣው፦ ቡና እና የውጭ ገዢ ጥፍር

የጌዴኦ ቡና ለገበያ እንዴት እንደሚመዘን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቡናው ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ፣ ከተጫነ በኋላ ናሙና ይወሰድበታል። እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ከ12 ከመቶ ካለፈ ችግር ነው። ከናሙናው ውስጥ ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው፣ የተሰበረ፣ ያልበሰለ፣ አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ይቆጠራል። ከዚያ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት ቀማሾች በማንኪያ ሳብ አድርገው ይመዝኑታል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አሠራር ለጥሬ ቡናው 40፣ ለቅምሻው 60 ነጥብ ተመድቧል። ንጽሕናው፣ ኮምጣጣነቱ፣ ውፍረቱና ቃናው እያንዳንዳቸው 15 ነጥብ ይይዛሉ። ኮቾሬ፣ ወናጎና ይርጋጨፌ በዚህ አሠራር በአንድ የይርጋጨፌ ምድብ የሚታወቁ ሲሆን ድርጅቱ ዲላ ላይ ቅርንጫፍ አለው። አንድ ጆንያ ቡና ከጌዴኦ ሳይወጣ ከዚህ ሁሉ ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ያልፋል።

ይህ ጥንቃቄ ከየት መጣ? ዋናው ምንጩ የገዢዎቹ ፍላጎት ነው። በጌዴኦ የታጠበ ቡና ማዘጋጀት ሥር የሰደደው የመፈልፈያ ጣቢያዎች ከተከፈቱ ወዲህ ነው። የውጭ ገበያው ለንጹሕ ጣዕም የተሻለ ስለከፈለ ገበሬውም ጣቢያውም ቀይ ብቻ መልቀምን፣ በወቅቱ መፈልፈልን ተማሩ። በዚህ በኩል ኩባንያዎቹ የአካባቢን ምርት ጥራት ከፍ እንዳደረጉ መካድ አይቻልም።

ግን ጥራቱ ሲጨምር ዋጋው ወደ ገበሬው ሁልጊዜ አልወረደም። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ፤ ቬትናም ብዙ ቡና ይዛ ገበያ ገባች። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ኦክስፋም በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ ኔስሌ፣ ክራፍት፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ሣራ ሊ እና ቺቦ በዓለም ከሚገዛው ቡና ግማሹን ያህል እንደሚይዙ አሳይቶ ነበር። የዚያን ጊዜ የደቡብ ቡና አምራች ቀበሌዎች ዓለም የሚያደንቀውን ቡና እያመረቱ ልጆቻቸውን ለአልሚ ምግብ ጣቢያ አሰለፉ። የቡና ጥራት እና የገበሬው ማዕድ ጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምስክር የለም።

በዚያው ዓመት፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.)፣ ኢትዮጵያ በድርቅ ተመትታ ሳለ ኔስሌ በደርግ ዘመን ለተወረሰ የከብት ሀብት ድርጅት 6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ከመላው ዓለም ተቃውሞ ሲነሣበት በቀጣዩ ጥር በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ገንዘቡን ለረሃብተኞች እርዳታ ሰጠ። ኩባንያው ከአቋሙ የወረደው በፍርድ ቤት ተገድዶ አልነበረም፤ የሸማቾች ድምፅ ስለበረታበት ነበር።

ሌላ ትምህርት የመጣው ከስም ክርክር ነው። ኢትዮጵያ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ እና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ውዝግብ ተነሣ። ይርጋጨፌ ቀድማ ተመዘገበች፤ በ2007 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ መንግሥትና ስታርባክስ ስምምነት ተፈራረሙ። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረ ወዲህ ገዢው ቡናው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ መጠየቅ ለመደ። በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያው መሸጥ ሲጀምር በደረጃና በአካባቢ ተቀላቅሎ ስለተሸጠ ይህ ክር ለጊዜው ተበጠሰ። ከ2009 ዓ.ም. ማሻሻያ በኋላ ግን ኮንጋ፣ አሪቻ፣ ኮቾሬ የሚሉ ስሞች እንደገና በውጭ አገር የቡና ቤት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያም የጃፓን ጉዳይ አለ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን የገቢ ምግብ ምርመራ ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘ። ሽያጩ ወዲያው ወደቀ። የተጠረጠሩት ጆንያዎቹ ነበሩ። ቡናው እንዳይበከል ለማድረግ ከመንግሥት እስከ ላኪ ሁሉም ተሯሯጠ። እሰየው፤ ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለቶኪዮ ጠጪ የተጨነቅንበት ያው ኬሚካል በእኛ ገበያ በሚሸጠው ጎመን፣ በርበሬና ጤፍ ላይ መኖሩን የሚመረምር ማን ነው?

ይህም ብቻ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚበቃ ደረጃ ያለውን ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ሕግ ይከለክል ነበር፤ ለአገር ውስጥ የቀረው ከደረጃ የወደቀው ነበር። አገሪቱ ከምታመርተው ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች፤ ከተሜው ግን ምርጡን ለማግኘት ወይ ገበሬ ዘመድ ሊኖረው ነው ወይ በስርቆሽ የወጣውን ሊገዛ ነው። የውጭ ምንዛሪ ችግራችን የታወቀ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን የራስን ምርት ጥራት ለራስ ሰው መንፈግ ሆነ።

የሚገባው፦ ዘይት፣ ለስላሳና ቅመም

አሁን ከጣቢያው ወደ ሱቁ እንሂድ። ከሁሉ በላይ የአገራችንን ማዕድ የቀየረው የዓለም ንግድ ዕቃ ለስላሳ አይደለም፤ የፓልም ዘይት ነው። ሕዝቡ «የሚረጋው ዘይት» ይለዋል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ራሱ ዋጋውን እየደጎመ በኅብረት ሥራ ሱቆች በኩል ስላከፋፈለው በየገጠሩ ዘልቆ ገባ። ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው፤ ይህም በብዛት ሲወሰድ ለልብ እንደሚከፋ የታወቀ ነው። አገራችን ግን ኑግ አላት፤ የኑግ ዘይት አብዛኛው ለልብ የሚስማማ ያልረጋ ስብ ነው። ታዲያ ለምን ተሸነፈ? በዋጋ። የኑግ ምርት አነስተኛ ነው፤ መጭመቂያዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የተጣራው ዘይት ውድ ነው። የቡሬው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮ ነበር። ፋብሪካ መክፈቱ ግን የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። የሚጣራው ጥሬ ዘይት ከውጭ የመጣ ፓልም ከሆነ የአገር ስም ተለጥፎበት ምግቡ ያው ነው።

ለስላሳውን በሚመለከት ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ መታሸግ የጀመረው በ1951 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ፔፕሲን፣ ሚሪንዳንና ሰቨን አፕን የሚያሽገው ሞሐ ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ስላለው ጌዴኦ ከምንጩ ሩቅ አይደለም፤ ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 32 ግራም ስኳር አለ፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለአዋቂ 50 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ለሕፃን ደግሞ ከዚህ በብዙ ያነሰ። ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለታመመ ጥየቃም ለስላሳ ይዞ መሄድ በየገጠሩ ልማድ ሆኗል። ለበሽተኛ ወተት ወይም አጥሚት ይዞ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ጠርሙስ ይዞ ሲገባ ክብር እየሰጠ ነው የሚመስለው። ኩባንያው የሸጠው መጠጥ ብቻ አይደለም፤ «ከሱቅ የመጣ ይበልጣል» የሚል ስሜት ጭምር ነው።

ቅመምም እንዲሁ። ዩኒሊቨር ዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካ ከከፈተ ወዲህ ክኖር በየወጥ ቤቱ ገብቷል። የሾርባ ኩብ ሲባል ግማሹ ያህል ጨው ነው። ሽንኩርት አብስሎ፣ ቅመም ወቅጦ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣውን የወጥ ጣዕም በአንድ ኩብ ማምጣት ለደከመች እናት እፎይታ ነው፤ ይህን አላቃልልም። ግን ልጁ ምላሱን ያንን ጨው ካስለመደ በኋላ የጎመንና የአይብ ጣዕም ጎዶሎ ይመስለዋል።

ቢራውን በአጭሩ ላንሣ። ካስቴል ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገዛ፤ ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በ2011 (እ.ኤ.አ.)፣ ዲያጆ ሜታ አቦን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያዘ፤ ሜታም በኋላ ለካስቴል ተሸጠ። ለገብስ ገበሬዎች ገበያ ከፍተዋል፤ የማስታወቂያ ጫናውም ከባድ ስለነበር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን አገደ። አዋጁ ሲጸና ቢራው አልጠፋም፤ ሕፃናት ሳያስቡት የሚሰሙት ጥሪ ግን ቀነሰ። ሕግ ከኩባንያ ጋር ሲጋፈጥ ማሸነፍ እንደሚችል ለማሳየት ይበቃል።

ማስረጃው ምን ይላል?

የብራዚሉ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቻቸው ምግብን በንጥረ ነገሩ ሳይሆን በተሠራበት መንገድ መድበው «እጅግ የተቀነባበሩ» የሚባሉትን ለይተው አጥንተዋል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የመሩት ሙከራ ደግሞ 20 ሰዎችን በሆስፒታል አስተኝቶ፣ ስኳሩም ስቡም ጨውም ተመጣጣኝ የሆነ ምግብ በሁለት ዓይነት አቀረበላቸው። የተቀነባበረውን ሲመገቡ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ምግቡ ራሱ ብዙ ያስበላል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ጭነት በአንድ ትከሻ ላይ እየወደቀ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶው መቀንጨር ታይቶባቸዋል። በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች 8 ከመቶ ሲሆኑ በአዲስ አበባ 29 ከመቶ ደርሰዋል። ገጠሩ ገና በመቀንጨር ላይ ሳለ ከተማው ወደ ስኳርና ደም ግፊት እየሄደ ነው። ጌዴኦ የፊተኛውን ችግር ሳይጨርስ ሁለተኛውን እንዳይቀበል ነው የምሰጋው።

ከኩባንያ የተገኘ በጎ ነገር

ሚዛናዊ ዳሰሳ ይህንን ማለፍ አይችልም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ የተራቡ ሕፃናትን ከሞት የመለሰው ፕላምፒ ነት የሚባለው የለውዝ ቅባት ነው። ፕላምፒ ነት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሣዩ ኑትሪሴት ኩባንያ የተሠራ ነው፤ አገር ውስጥም ሒሊና የተባለው ፋብሪካ ያመርተዋል። ይህ ዓለም አቀፍ ኩባንያ፣ የአገር ፋብሪካና የጤና ጣቢያ ሲተባበሩ ምን እንደሚቻል ያሳያል። ልብ በሉ፤ ምርቱ የሚታዘዘው በጤና ባለሙያ ነው፤ መጠኑና ጊዜው ተወስኗል። ንግዱ በሕክምና ሥርዓት ሥር ነው።

አዮዲንም እንዲሁ የሕግ ውጤት ነው። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተደነገገ፤ በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥናት ከ10 ቤት በ9ኙ ያህል የሚገኘው ጨው አዮዲን ያለበት ሆኖ ተገኘ። እንቅርት ሲያሠቃየው ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ድል ነው።

የራሳችን ጥፋት

ጣትን ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር ደግሞ ሐሰት ይሆናል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ የተደረገና በ2008 ዓ.ም. የተሰማ ጥናት በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ አገኘ፤ ከአራቱ በአንዱ ላይ መጠኑ ከግማሽ ማይክሮ ግራም በላይ በሊትር ነበር። መርዙ የመጣው ከባዕድ ኩባንያ አይደለም፤ በአግባቡ ካልተከማቸ የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ያው የምንመካበት ኑግ። ቅቤ ላይ የሚረጋ ዘይት መቀላቀሉ፣ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር መጨመሩ፣ አምራቻቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው የማይታወቅ የምግብ ዘይቶችና የለውዝ ቅቤዎች በየገበያው መሸጣቸው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየጊዜው ከሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች የሚታወቅ ነው።

«የአገር ምግብ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኩባንያው በማስታወቂያ የሚያሸንፈንም እዚህ ጋ ነው። እናት በገበያ የምትገዛው ቅቤ ንጹሕ መሆኑን ካላወቀች የታሸገውን ማርጋሪን ትመርጣለች፤ ምርጫዋም አያስወቅሳትም። የአገር ምርት ካልተመረመረ ለውጭው ኩባንያ በሩን የምንከፍተው ራሳችን ነን።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ሜክሲኮ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በስኳር መጠጦች ላይ ታክስ ጣለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 ከመቶ ቀነሰ። ቺሊ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስኳር፣ ጨው ወይም የረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አስገደደች፤ ሸማች ማንበብ ሳይቸገር ያየዋል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው ኮድ የሕፃናት ወተት ማስታወቂያ እንዲገደብ ጠይቋል፤ ይህም የመጣው በኔስሌ ላይ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረው የሸማቾች እምቢታ በኋላ ነው። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳንና ትራንስ ፋት የበዛበትን ስብ ቀርጣለች። መንገዱ ተጀምሯል፤ የጎደለው እስከ ፍስሐ ገነት ሱቅ ድረስ የሚዘልቅ እጅ ነው።

ለጌዴኦ ምን ይበጃል?

ጥያቄው አሁን የበለጠ ያስቸኩላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት መመሪያ ከዚህ ቀደም ለአገር ባለሀብት ብቻ የተተወውን የጥሬ ቡና ኤክስፖርትና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። እስከ ዛሬ በአቅራቢና በላኪ በኩል ይመጣ የነበረው ኩባንያ ከእንግዲህ ራሱ ጌዴኦ ድረስ ሊመጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው የደን ውድመት ሕግ ደግሞ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም የእያንዳንዱ ማሳ ቦታ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ስለዚህ የቡና ቁጥጥሩ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የሚቀረው የእኛ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ያለንን የመመርመር ልምድ ወደ ማዕድ ማዞር ነው። ዲላ ላይ የቡና ምርመራ ልምድ አለ፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለ። የገበያ ቅቤ፣ ዘይት፣ በርበሬና ወተት በየወቅቱ ናሙናው እየተወሰደ ውጤቱ በአማርኛና በጌዴኡፋ በሬዲዮና በገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይነገር። ለቶኪዮ ጠጪ የምናደርገውን ለይርጋጨፌ ሕፃን ማድረግ አቅም አይጠይቅም አልልም፤ ግን አቅሙን የምንጀምርበት መሠረት እጃችን ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ የቡናው ዋጋ እንሰቱን እንዳይበላው መጠበቅ ነው። ዋጋ ሲወደድ ገበሬው እንሰት ነቅሎ ቡና ቢተክል አይፈረድበትም፤ ዋጋው ሲወድቅ ግን ቡና አይበላም። በቅርስነት የተመዘገበው ቡናው ብቻ አይደለም፤ እንሰቱና ዛፉ ጭምር ነው። ከገዢ ኩባንያ ጋር የሚደረግ ውል ለእንሰት ችግኝ፣ ለአጠውልግ በሽታ መከላከያና ለላም መኖ ድርሻ የሚይዝ ይሁን። ጥራት ያለው ቡና የሚፈልግ ኩባንያ ጥላውን የሚይዘውን ማሳ ሙሉ ሆኖ እንዲኖር መክፈል አለበት።

ሦስተኛው፣ የትምህርት ቤት ምገባ በአገር ምርት ይደራጅ። ከዩኒየኖች፣ ከሴቶች የቆጮ አምራች ማኅበራትና ከባቄላ ገበሬዎች ጋር ውል የያዘ ምገባ የአካባቢ ምግብ የደኻ ምግብ ነው የሚለውን ስሜት ይሰብራል። ቆጮና ቡላ በንጹሕ ዕቃ ታሽጎ፣ የተመረተበት ቀን ተጽፎበት፣ ተመርምሮ ከወጣ ሱቁ ውስጥ ከብስኩቱ ጎን በኩራት ይቆማል።

አራተኛው፣ ሸማቹ እንዲጠይቅ ማስተማር ነው። የጠርሙሱ ስኳር ስንት ነው? ዘይቱ ከምን ተሠራ? ቅቤው የማን ነው? ጌዴኦ ዓለም ስለ ምርቱ ስንት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ እያንዳንዷን ፍሬ ለቅሞ መልሷል። ይህን ሁሉ ጥያቄ ለውጭ ሰው መመለስ የቻለ ሕዝብ ለራሱ ሲጠይቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ኩባንያዎቹ ይምጡ፤ ይሽጡም ይግዙም። ወደ ውጭ ለሚሄደው ቡና የወጣው መለኪያ ግን ወደ ልጆቻችን ሰሃን ለሚገባው ሁሉ መሥራት አለበት፤ ይህንንም የመጠየቅ ኃላፊነት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የዩኒየኑ፣ የዩኒቨርሲቲውና የእያንዳንዱ ቤተሰብ ነው።